ጥፋ ቢሉት የማይጠፋ ብርድ

ከአዊ ደጋ ወደ መተከል ቆላ የሚወርደው መንገድ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት አገር ያሳያል። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ በቀርከሃና በጧት ጭጋግ ተከባ ትቀመጣለች። ቻግኒ ወደ 1,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ የደጋውን ጋቢ ታስጥላለች። ከዚያ ወዲያ ግልገል በለስን አልፎ ወደ ጉባ ለሚዘልቅ መንገደኛ በመስኮት የሚገባው ነፋስ ራሱ የምድጃ ትንፋሽ ይሆንበታል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ መሠረት ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጀምሮ ግድቡ እስከ ተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ በዚህ መንገድ የወጣውንና የወረደውን መኪና የቆጠረ ያለ አይመስለኝም። በእነዚህ መኪኖች ውስጥ አንዲት ቁልፍ አለች፤ በደጋው ላይ ያለ ሥራ ተቀምጣ ትከርምና ቆላው ላይ ስትደርስ የሁሉ እመቤት ትሆናለች። የአየር ማቀዝቀዣው ቁልፍ ማለቴ ነው።

የደጋ ሰው ለዚህች ቁልፍ ባይተዋር ነው። አንባቢ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ የተጓዘ እንደ ሆነ ነገሩን ያውቀዋል። ስድሳ ሰው በአንድ ትንፋሽ እየተናፈሰ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ ቅቤና ብርቱካን እየሸተተ፣ አንድ ደፋር ተሳፋሪ መስኮቱን በጣት ያህል ከፈት ያደረገ እንደ ሆነ ከኋላ «መስኮቱን ዝጉት! ነፋስ ገባ እኮ!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ብርድ ይመታል፣ ምች ይመታል፤ ለዚህም በየጓሮው ዳማከሴ አለ። በዚህ ልማድ የሚስቁ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እኔ በበኩሌ ሳቁ አይጥመኝም። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቤቱ በጭቃ የተለሰነ፣ ሐኪም ቤቱ የግማሽ ቀን መንገድ የሆነበት ሰው ብርድን የሚፈራው ስለማያውቀው ሳይሆን ስለሚያውቀው ነው። ይህን አስቀድሜ የተናገርኩት ከዚህ በታች የማነሣቸው አዛውንት በአንድ የመስክ መኪና ውስጥ የደረሰባቸውን ነገር አንባቢ እንደ ቀልድ እንዳያየው ብዬ ነው።

ጊዜው ጥር 2009 ዓ.ም. ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በእንጅባራ የሚያከብረው በዓል ተቃርቧል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓሉ የዓድዋን ዘመቻና በዚያ የዋለውን ፈረስና ፈረሰኛ የሚያስታውስ ነው። እኛም አራት ሆነን፣ አንድ መቅረጸ ድምፅና ሁለት ደብተር ይዘን፣ ስለ ፈረስ የሚባለውን የቃል ግጥም ለመሰብሰብ ተነሥተናል። ሁለት ቀን በቆላው ስንዘዋወር ሰነበትንና በመጨረሻ ቻግኒ አጠገብ የሚኖሩ አንድ አዛውንት ወደ በዓሉ አብረውን ለመሄድ ፈቀዱ። በዝርዝራችን ላይ የእርሳቸው ዜማዎች 11 ነበሩ። ከሌላ ሰው አፍ ያልሰማናቸው፣ በአገውኛ የሚባሉ፣ ግማሾቹ ከአባታቸው የወረሷቸው ናቸው። መኪናችን ባለ ናፍጣ የመስክ መኪና ነው፤ ዕድሜውን መናገር ሐሜት ይሆናል።

አዛውንቱን ያስቀመጥናቸው ጋቢና ነው። በአገራችን ሥርዓት ለሽማግሌ የሚገባው ቦታ ከሾፌሩ ጎን ነውና ማንም ሁለተኛ አላሰበም። ዳሩ ግን የመኪናው ቀዝቃዛ አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች በቀጥታ የሚያነጣጥሩት ወደዚያው የክብር ቦታ ነው።

ከቻግኒ ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር ሾፌራችን እንደ ልማዱ ማቀዝቀዣውን ሊያጠፋ ቁልፊቱን ተጫናት። የቁልፊቱ መብራት ጠፋ፤ ቅዝቃዜው ግን አልጠፋም። ደግሞ ተጫናት፤ በራች። እንደገና ተጫናት፤ ጠፋች። ብርዱ እንደ ሆነ ወይ ፍንክች። የማራገቢያውን ማዞሪያ ወደ ዜሮ መለሰው። ያን ጊዜ ነፋሱ ቀጠነ እንጂ አልቆመም፤ ምክንያቱም መኪናው ሲሮጥ የውጭው አየር በራሱ ኃይል እየገባ፣ በክሩስኮቱ ሥር በተደበቀውና በረዶ በተጋገረበት ትንሽ ራዲያተር ውስጥ አልፎ ይመጣል። ሙቀት ወደሚሰጠው በኩል ቢያዞርም ጥቅም አልነበረውም። የማሞቂያው ቱቦ ከዓመታት በፊት ውሃ ስላንጠባጠበ ተቆርጦ እርስ በርሱ ተገናኝቷል። በብዙ መኪኖቻችን ላይ የሚደረግ ነገር ነው። መስኮቱን መክፈትም የደጋውን ንፋስ መጥራት ሆነ። ሞተሩ ደግሞ ዳገቱ ላይ ማቀዝቀዣውንም እኛንም አብሮ ይሸከማልና ያቃስት ጀመር።

አዛውንቱ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ» አሉት ሾፌሩን፣ «የእኛ አገር ብርድ ማታ መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። ይህኛው ማን ልኮት ነው?»

«አባቴ፣ መኪናው ነው፤ እምቢ አለኝ» አላቸው።

መኪናውን አቁመን ወደ ኋላው ወንበር እንዲዛወሩ ለመንናቸው። «ከፊት አስቀምጣችሁኝ ሰው ሲያየኝ መጥቶ፣ አሁን እንደ ዕቃ ከኋላ ልትጭኑኝ ነው?» አሉ። ከዚህ ወዲያ የሚናገር አልተገኘም። አንደኛው ባልደረባችን የራሱን ጋቢ ጨመረላቸው፤ እኔም አየሩ የሚወጣበትን ቀዳዳ በፎጣ ወተፍኩት፤ ብርዱ ግን በእግራቸው በኩል መጣ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ግምጃ ቤት ስንደርስ የአዛውንቱ ድምፅ ጎርንኖ፣ ከዚያም ሰልሎ፣ በመጨረሻ ከሹክሹክታ በቀር የሚወጣ ነገር አልነበረም።

ግምጃ ቤት የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ስሟ የከበረ ዕቃ የሚቀመጥበትን ቤት ያስታውሳል። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ደግሞ ግምጃ ቤት ማለት መለዋወጫ በሞዴል 19 የሚገባበት፣ በሞዴል 22 የሚወጣበት፣ በሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ያለው ክፍል ነው። በማግሥቱ የምንፈልጋት ዕቃ ከግጥሚያ ሳጥን የማትበልጥ ስትሆን፣ በግምጃ ቤት ከተማ ግምጃ ቤት ውስጥ አልተገኘችም። ይህን እንደ ጨዋታ ያነሣው ሾፌራችን ነው፤ እኔ አልጨመርኩበትም።

የዚያን ሌሊት የሆነውን ግን ልናገር። ባረፍንበት ቤት ባለቤቲቱ እሳት አንድደው፣ ዳማከሴ አሽተው፣ ለአዛውንቱ ነጭ ሽንኩርትና ማር አቀረቡላቸው። እርሳቸው ትንሽ ከቀማመሱ በኋላ ደብተር እንዳመጣ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ። ዜማው ባይሆንም ግጥሙን ልያዝላቸው ነው። እስከ እኩለ ሌሊት ድረስ በሹክሹክታ፣ አንዳንዱን ስንኝ ሦስት ጊዜ እየመለሱ፣ በአገውኛ አስጻፉን። አገውኛ አፉን የፈታበት ባልደረባችን ይጽፋል፤ እኔ በኩራዝ ብርሃን እጃቸው ጉልበታቸው ላይ የሚመታውን ምት እቆጥራለሁ። አፋቸው ያጣውን ዜማ እጃቸው ይዞት ነበር። ምቱን በነጥብ ጻፍኩ፤ የከፍታና የዝቅታው ነገር ግን በነጥብ አይያዝም።

በጓሮ የቆመው መኪናችንም ያን ሌሊት ሥራ ላይ ነበረ። ይህን ያወቅነው ጧት ነው። ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው «ጭጭ» ብሎ ቀረ፤ ባትሪው ባዶ ሆኗል። ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች፣ ሁለት ባለ ጋሪዎችና አንድ ፖሊስ ተጋግዘው ቁልቁል ገፉልንና በማርሽ አስነሣነው። መብራት አልበራም፣ ሬዲዮ አልተከፈተም፤ እንግዲህ ባትሪውን ማን ጠጣው?

የመኪና ኤሌክትሪክ ያውቃል የተባለ አንድ ወጣት ተጠራ። ዋና ሥራው ባጃጅና ሞተር ብስክሌት መጠገን ነው፤ መሣሪያው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ፒንሳ፣ አንድ ሽቦ የተቀጠለበት አምፖል ነው። ኮፈኑ ተከፍቶ ሰው እንደ ከበበ ምክር ከየአቅጣጫው መዝነብ ጀመረ። አንዱ «ጋዙን ልቀቀውና ይገላግልሃል» አለው። ወጣቱ ቀና ሳይል «ጋዙ ቢወጣ ቅዝቃዜው ይቆማል፤ ኮምፕሬሰሩ ግን መዞሩን አያቆምም። ዘይቱ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ስለ ሆነ ደርቆ ይነክሳል» አለ። መልሱ ልክ ነው። የሚፈስሰው ጋዝ እጅና ዐይንን በብርድ ሊያቃጥል እንደሚችልም እኔ ልጨምር። በዘመኑ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው ይህ ጋዝ የቀድሞውን፣ የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳውን ጋዝ እ.ኤ.አ. በ1987 ከተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ የተካ ነው። ኦዞንን ባይነካም ምድርን በማሞቅ በኩል ክብደት ለክብደት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ በላይ ኃይል አለው። ስለዚህም መንግሥታት በኪጋሊ ተሰብስበው ይህን ዓይነቱን ጋዝ ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የተስማሙት በዚያው በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ነበር፤ እኛ ግምጃ ቤት ከመድረሳችን ሦስት ወር ቀደም ብሎ ማለት ነው።

ሾፌራችን በበኩሉ «ቺንጊያውን አውልቀን እንሂድ» አለ። የኛ መኪና ማቀዝቀዣ ለብቻው ቺንጊያ ስላለው ይህ የሚቻል ነበር። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። «ብርዱ ይቆማል፤ ባትሪው ግን ነገም ያልቅብሃል። መጀመሪያ ትእዛዙ ነው ወይስ እጁ ነው የሚለውን እንወቅ።»

ይህን ቃል በደብተሬ ጻፍኩት፤ ከግጥሞቹ ጎን። ነገሩን ለአንባቢ ላብራራ። ኮምፕሬሰሩ በሞተሩ ኃይል በቺንጊያ ይዞራል፤ ግን ሁልጊዜ እንዳይዞር በፊቱ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሪሲዮን አለው። ኤሌክትሪክ ሲመጣ በፑሊው ውስጥ ያለው መጠምጠሚያ ማግኔት ይሆንና አንድ የብረት ሰሌዳ «ቀጭ» ብሎ ይጣበቃል፤ ኮምፕሬሰሩ ይዞራል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ሰሌዳው በስፕሪንግ ተስቦ ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙ ላልራቀ ክፍተት ይለያል፤ ፑሊው ለብቻው ይሽከረከራል። ያን ኤሌክትሪክ የምትሰጠውና የምትነሣው ደግሞ ሪሌ የምትባል ትንሽ ሳጥን ናት። ከሾፌሩ ቁልፍ የሚመጣው ደካማ ኤሌክትሪክ በሪሌዋ ውስጥ ያሉትን ሁለት የብረት ነጥቦች ያገናኛል፤ በእነርሱ በኩል ብርቱው ኤሌክትሪክ ያልፋል። እንግዲህ ማቀዝቀዣ አልጠፋም ሲል ነገሩ ከሦስት አንዱ ነው። ወይ ቁልፉ ወይም ሽቦው ሳይታዘዝ ያዛል። ወይ ትእዛዙ ቆሞ ሳለ ሪሌዋ አልለቅም ብላለች። ወይም ኤሌክትሪክ ሳይኖር ፍሪሲዮኑ ራሱ ከሙቀትና ከዝገት የተነሣ ተጣብቋል።

ወጣቱ ሞተሩን አጠፋና ወደ ፍሪሲዮኑ የምትሄደውን አንዲት ሽቦ ነቀለ። «ቀጭ» አለ። ሰሌዳውን በጣቱ አዞረው፤ ዞረ። «እጁ ጤነኛ ነው» አለ። ሽቦዋን መልሶ ሰካ፤ «ቀጭ»። ልብ በሉ፤ ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቁልፉ በሾፌሩ ኪስ ውስጥ ነው። ለካ ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ያ ፍሪሲዮን በጨለማ ውስጥ የማይዞር ፑሊ አጥብቆ ይዞ ያድር ነበር! እንዲህ ያለው መጠምጠሚያ ከ3 እስከ 4 አምፔር ይስባል። ከማታ 12 ሰዓት እስከ ጧት 1 ሰዓት በ13 ሰዓት ውስጥ ከ39 አምፔር ሰዓት ያላነሰ ወስዷል ማለት ነው። ላረጀ ባትሪና ለግምጃ ቤት የጥር ሌሊት ይህ በቂ ነው።

ቀጥሎ ሪሌዋን ከማቀፊያዋ ነቀላት፤ «ቀጭ»፣ ፍሪሲዮኑ ለቀቀ። በባዶው ማቀፊያ ውስጥ ትእዛዙ በሚመጣበት ቀዳዳ ላይ አምፖሉን ነካ፤ አልበራም። ትእዛዝ የለም ማለት ነው። ለማረጋገጥም የጥሩምባውን ሪሌ ነቅሎ በቦታዋ ሰካት፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ቁልፉን ሾፌሩ ሲጫን ያዘ፣ ሲለቅ ለቀቀ። ከዚያ የተበላሸችውን ሪሌ ክዳኗን በቢላዋ ፈልቅቆ አሳየን። ሁለቱ ነጥቦች ጠቁረው፣ ቀልጠው፣ እንደ ሁለት የሰም ጠብታ አንድ ሆነዋል። ሾፌሩ «ጥፋ» ባለ ቁጥር ትእዛዙ በትክክል ደርሶ ነበር፤ ተቀባዪቱ ግን ከሥራዋ ጋር ተጋግራለች። ይህን ምሳሌ ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ የሚቸኩል አንባቢ እንደማይታጣ አውቃለሁ። እኔ የማወራው ስለ ሪሌ ነው።

ነጥቦቹ ለምን ቀለጡ? ወጣቱ እዚህ ላይ ማቆም ይችል ነበር፤ ሒሳቡንም ተቀብሎ ቢሄድ የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ወደ ፍሪሲዮኑ ሄደ። ከአንድ ቦታ ላይ በጥቁር ፕላስተር የተጠቀለለ መገጣጠሚያ አገኘና ፈታው። «እዚህ ዳዮድ ነበረ፤ ቆርጠው ጥለውታል» አለ። መጠምጠሚያው ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥበት የያዘውን ኃይል ወደ ኋላ ይረጫል፤ ያ ኃይል በሚለያዩት ነጥቦች መካከል ብልጭታ ይሆናል። ያን ብልጭታ ውጦ የሚያስቀረው የስንዴ ቅንጣት የምታህል ዳዮድ ናት። እርሷ ከሌለች ነጥቦቹ በተለያዩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይቃጠላሉ፤ ከሺህ ብልጭታ በኋላ አንድ ቀን ተጣብቀው ይቀራሉ። ሌላም ነገር አሳየን። የሪሌዋ ኃይል በቁልፉ በኩል መምጣት ሲገባው በቀጥታ ከባትሪ እንዲመጣ ተደርጓል፤ ቁልፍ ከወጣ በኋላ የሚሠራውም ስለዚህ ነው። አንድ ጊዜ የተቃጠለ ሽቦ በጥድፊያ ሲጠገን የተደረገ መሆን አለበት። የት ጋራዥ እንደ ሆነ ሾፌራችን ያውቃል፤ እዚህ መጻፉ አይጠቅምም። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ ከስንት ዓመት በፊት የተጣለች ቅንጣት በአንድ አዛውንት ጉሮሮ ገባች።

ወጣቱ ሲሠራ የሚናገረውን ቋንቋ ሳዳምጥ ሌላ ነገር ታየኝ። ጋቢና፣ ኮፈን፣ ክሩስኮት፣ ሞተሪኖ፣ ቺንጊያ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፤ ይህ ሁሉ የጣሊያን ቃል ነው፤ ዛሬ ግን ጣሊያንነቱን የሚያስታውስ የለም። ወጣቱም፣ አባቱም ጣሊያን አላዩም። ኤሲ፣ ኮምፕሬሰር፣ ሪሌ፣ ዳዮድ ደግሞ በእንግሊዝኛ በኩል መጡ፤ ማቀዝቀዣ በአገራችን መኪና ላይ የታወቀው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነውና። በአንድ ኮፈን ሥር ሁለት ዘመን ተደራርቧል። በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ የተፈጠረው «የኮምፕሬሰር ፍሪሲዮን» የሚለው ሐረግ የማንም ሊቅ ሥራ አይደለም፤ በዘይት የተነከረ እጅ ያበጀው አማርኛ ነው። «ትእዛዝ» እና «እጅ» ያለው ግን ከጣሊያንም ከእንግሊዝም አልተዋሰውም። የቴክኒክ ቃል ለማውጣት በየጊዜው የሚሰበሰቡ ምሁራን አንድ ቀን በየጋራዡ ደጃፍ ቁጭ ብለው ቢያዳምጡ የሚያተርፉ ይመስለኛል።

ከዚያ ጉዞ በኋላ ስለ ማቀዝቀዣ ታሪክ ሳነብ ያገኘሁት ነገር አስደንቆኛል። በፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ያለው የመጀመሪያው መኪና ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1939 በቺካጎ ነው፤ ሠሪው ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነበር። ዋጋው 274 ዶላር ጭማሪ ነው። ማቀዝቀዣው ግዙፍ ስለ ነበር የዕቃ መጫኛውን ግማሽ ያህል ይይዛል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ ያ ማቀዝቀዣ ማጥፊያ አልነበረውም። ፍሪሲዮን ስላልተበጀለት ሞተሩ እስከ ዞረ ድረስ ኮምፕሬሰሩ ይዞራል። ባለቤቱ ብርድ ሲበዛበት መኪናውን አቁሞ፣ ወርዶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ቺንጊያውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት። የግምጃ ቤቱ ሾፌራችን ያቀረበው ምክር የመጀመሪያው ማቀዝቀዣ የአጠቃቀም መመሪያ ነበረ ማለት ነው! ኩባንያው ነገሩን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተወው። በኤሌክትሪክ የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን የተስፋፋው ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ነው። ሰው ብርድ መሥራትን ቀድሞ ቻለ፤ ብርዱን «በቃ» ማለትን ለመቻል ግን ሌላ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት፣ ሌላ ፈጠራም አስፈለገው። ያ ኖቬምበር በእኛ አቆጣጠር 1932 ዓ.ም. ነው። አገው ምድር ገና በጠላት እጅ ሳለች የፈረሰኞቹ ማኅበር የተመሠረተበት ዓመት መሆኑ ነው። ፈረስን ማቆም ሉጋም የሚያውቀው የቆየ ጥበብ ነው። ለዚህ ግን አዲስ ሉጋም መፈልሰፍ ነበረበት።

መኪና የሚይዙ አንባቢዎች እንዳይሳሳቱ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። አልጠፋም ያለ ማቀዝቀዣ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። በብዙ መኪኖች ላይ አየሩን ወደ ፊት መስተዋት ያዞሩት እንደ ሆነ ኮምፕሬሰሩ ሳይጠየቅ ይነሣል፤ አየሩን አቀዝቅዞ እርጥበቱን ስለሚያወጣ መስተዋቱ ከጉም ይጠራል። በእንጅባራ ጭጋግ ውስጥ ይህ ብልሽት ሳይሆን በረከት ነው። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖችም ፍሪሲዮን የሌለው ኮምፕሬሰር አለ፤ እርሱ ሁልጊዜ ይዞራል፤ የሚቀነሰው የሚገፋው ጋዝ መጠን ነው። ስለዚህ ዞረ ብሎ መክሰስ አይገባም፤ መጠየቅ ያለበት ማን እንዳዘዘው ነው።

በግምጃ ቤት አዲስ ሪሌ ስላልተገኘ ወጣቱ የጥሩምባውን ወደ ጥሩምባው መለሰ። በበዓል ሰሞን ፈረስና ሰው በሞላበት መንገድ ያለ ጥሩምባ አይኬድም። የማቀዝቀዣውን ማቀፊያ ባዶውን ተወው፤ «ደጋ ላይ ናችሁ፤ ምን ይሠራላችኋል?» አለ። ያስከፈለን የአንድ ምሳ ዋጋ ነው። ዳዮዷና ሪሌዋ ከሁለት ሳምንት በኋላ ባሕር ዳር ተገዝተው ተገጠሙ፤ ኃይሉም በቁልፍ በኩል እንዲመጣ ተደረገ። ማሞቂያው ግን ዛሬም እንደ ተቆረጠ መቅረቱን ሰምቻለሁ።

ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ሆነን ፈረሶቹን አየን። ባለቀይ ጥልፍ ዕርፍ፣ የአቧራው ደመና፣ የጋሻና የዘንግ ጨዋታ፤ ይህ በሌላ ጽሑፍ የሚነገር ነው። አዛውንታችን በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጠዋል። ፈረሰኞቹ ባለፉ ቁጥር ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እጃቸው ጉልበታቸውን ይመታል። አጠገባቸው የያዝኩት መቅረጸ ድምፅ የያዘው የኮቴ ድምፅ ብቻ ነው።

በሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ፣ ወደ ቻግኒ ተመልሰን ቤታቸው ድረስ ሄድን። ድምፃቸው ተመልሷል፤ ትንሽ ወፍሯል እንጂ ጤነኛ ነው። በአንድ ከሰዓት በኋላ 9 ዜማ ሰጡን። ቀሪዎቹን ሁለቱን ስንጠይቃቸው፣ «እነዚያስ ፈረስ ፊት ለፊት ሲመጣ ነው የሚወጡት፤ እዚህ ዶሮ ፊት አልላቸውም» አሉ። ለመንናቸው፤ ሳቁ፤ ቡና እንድንጠጣ አዘዙ። በዝርዝራችን ላይ 10ኛውና 11ኛው ዛሬም ከግጥማቸው በቀር ዜማ የላቸውም። ግጥሙም በግምጃ ቤት ሌሊት በሹክሹክታ የተጻፈው ነው፤ በአንዳንዱ ስንኝ ጎን የእጃቸው ምት በነጥብ ተቀምጧል።